አጥንት ቆጠራ

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በአጎ ባሕር ዳርቻ፣
ወገቤን አጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ፣
የዛጎል አፍ ፈልቅቄ፣ በሽብልቅ ወጥሬ፣
ለስላሳ ሆዱን በምላጭ ተርትሬ፣
ጠጠር አኖርበት ነበር፤
ከሚሲሲፒ ወንዝ በመርከብ የመጣ፣ ድቡልቡል፣ ነጭ ጠጠር።

ፈቃዱን አልጠየቅሁ። ማን ዛጎል ይጠይቃል?
በቅርጫት ታፍኖ የከረመ ፍጥረት፣ መታገል የት ያውቃል?
ከመቶው ሠላሳው ይሞታል።
ሃያው በሳምንቱ ጠጠሩን መረቡ ላይ ይተፋል፤
አባቴ፣ "ንቆሽ ነው" ይለኝ ነበር፣ እየሳቀ።
የቀረው ዝም ይላል፤ ቁስሉን ይዞ፣ ባሕር ግርጌ፣ በጨለማ፣
በጠጠሩ ላይ ይደርባል፣ ስስ በስስ፣ ግርማ በግርማ።
ገዢው "ውበት" ይለዋል። እኔ ስሙን ሳላውቅ ኖሬ፣
ዛሬ አወቅሁት፤ ከገዛ ዳሌዬ ተምሬ።

በስልሳ ስምንት ዓመቴ መገጣጠሚያዬ አለቀ፤
እንደ አሮጌ ማጠፊያ ቅባቱ ተሟጦ ደረቀ።
ሐኪም ሃታናካ፣ በኢሴ ሆስፒታል፣
የኮባልት ኳስ አሳየኝ። ያብረቀርቃል፤ ፊት ያሳያል።
"ሃያ ዓመት ያገለግላል፣ ኪኑዮ ሳን" አለኝ፤ "ብረት አይደክምም።"
እኔም አንድ ጊዜ ለዛጎል እንዲህ ያልሁት መሰለኝ።

ተኛሁ። ነቃሁ። ተራመድሁ። ሁለት ዓመት ደኅና።
ከዚያ፣ ደረጃ ስወርድ፣ ሲጢጥ አለ እንደ ታንኳ ምሰሶ፤ እንደገና፣ እንደገና።

ኳሱ ከጽዋው ሲፋተግ ብናኝ ይረግፋል አሉኝ፤
ዓይን የማያየው፣ ደም የሚያየው። በጠብታ ለክተው ነገሩኝ።
ዘበኞቼ፣ የደሜ ነጫጭ ሕዋሳት፣ ሮጠው ደረሱ፤
ብናኙን ዋጡት፤ አልፈጭ አላቸው፤ ደግመው ዋጡት፤ ታመሙ፣ ፈረሱ።
ያልሞቱት ተቃቅፈው፣ ግድግዳቸውን ንደው፣ አንድ ግዙፍ ሆኑ፤
እሱም ሲያቅተው፣ እልሁ ያረፈው በአጥንቴ ላይ ነው፣ በጎኑ።

ሰውነት አጥንት ይቆጥራል።
ሰባት ቤት ወደ ኋላ ሄዶ፣ "የማን ልጅ ነህ?" ይላል።
ኮባልት አባቱን ቢሉት፣ አያቱን ቢሉት፣ አይጠራም፤
ወርቅ ይምሰል፣ መስተዋት ይምሰል፣ ሥጋ በመልክ አይራራም።

ዳግመኛ ከፍተው ሲያዩ፣ ዙሪያውን ከረጢት ተሠርቷል፤
ወፍራም፣ ጠባሳ፣ ግራጫ ውሃ አዝሏል።
ሃታናካ ፎቶውን ሲያሳየኝ እጁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።
"ሰውነትሽ ሊያጥረው ነው የሞከረው" አለ፣ አቀርቅሮ።
ሳቅሁ።
አርባ አንድ ዓመት ያየሁትን ከረጢት አላውቀውም እንዴ?
ዛጎልስ ያንኑ አይደል ያደረገው? ፍቅር መስሎኝ ነበር እኔ፤
ለካ ሉል አጥር ነው፤ ለካ "አትቅረበኝ" የሚል ቅኔ!

አሁን ያለው ቲታንየም ነው። ገጹ እንደ ሰፍነግ የተበሳሳ፤
አያምርም፤ ባሕር የበላው ድንጋይ ይመስላል፣ ወደብ ላይ የተረሳ።
በየቀዳዳው አጥንቴ ገባ፣ በቀስታ፣ በስርቆት፤
ባዳውን ዘመድ አደረገው፣ ሳያማክረኝ፣ በሌሊት።
ምክንያቱን ስጠይቀው ሐኪሙ ስለ ኦክሳይድ ያወራል፣
ስለ ስስ ሽፋን። መጨረሻው ላይ ግን፣ "እርግጡን አናውቅም" ይላል።
ይህን ቃል ወደድሁት።
እኔም የትኛው እንደሚተፋ፣ የትኛው እንደሚያቅፍ፣
አንድ ቀን እንኳ ገምቼ አላውቅም፣ ምላጬን ሳሳርፍ።

ልጄ ቺግሳ መደቡን ወርሳለች። እጇ ከእጄ ይፈጥናል።
እኔ መረብ አጥባለሁ፣ ቆሜ፤ መቆም ችያለሁ።
ትናንት ከመረቡ ሥር የተተፋ ጠጠር አገኘሁ፤
ራቁቱን፣ ቀዝቃዛ፣ ምንም ያላጠፋ።
ዘመድ አጣ እንጂ ምን በደለ?
አጥቤ፣ በቀኝ ኪሴ ከተትሁት፣
ከብረቱ ጎን፤
ይተዋወቁ።